ግብር የወለደው መኪና

አባቴ መኪና ሲፈታ መጀመሪያ መሬቱ ላይ አሮጌ ጨርቅ ያነጥፋል። ከዚያ ቡሎኑን፣ ዳዶውን፣ ሮንዴላውን በወጡበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራል። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሥራዬ ጨርቁን ማንም እንዳይረግጠው መጠበቅ ነው። «ስትፈታ ደርድር፤ ስትገጥም ከመጨረሻው ተነሥተህ ወደ ኋላ ተመለስ» ይለኝ ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በነበረችው ጠባብ ጋራዣችን ከሰይቼንቶ እስከ ቮልስ ስንቱ ተፈታ፣ ስንቱ ተገጠመ! የመኪና መጽሐፍ የሚባል ነገር ግን እዚያ ቤት ዓይኔ አላየም።

ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ ሰሜን ለንደን ውስጥ በተከራየኋት ጋራዥ እኔም ጨርቅ አነጠፍኩ። ፊቴ የነበረው መኪና የሚፈታ ሳይሆን ገና ያልተገጠመ ነው። ካተርሃም ሰቨን ይባላል። አንድ ሰው በካርቶን አስጭኖ ወስዶት፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጉልበቱን አሞት የተወውን ነው በርካሽ የገዛሁት። አጽሙ ቆሟል፤ ሞተሩ መሬት ላይ ነው፤ ቀሪው ካርቶን ውስጥ። ቀን ቀን የአውቶቡስ መካኒክ ነኝ። 120 ኩንታል ከሚመዝን አውቶቡስ ሥር ውዬ፣ ማታ 5 ኩንታል ተኩል ወደሚመዝን መኪና መሄድ ዕረፍት ነበር።

ለአባቴ ስልክ ደውዬ ነገርኩት።

«ስንት ሰው ይጭናል?»

«ሁለት፣ አባዬ።»

«ዕቃስ?»

«አንድ የትከሻ ቦርሳ።»

«በሩስ ጠንካራ ነው?»

«በር የለውም። የሸራ መከለያ ነው ያለው።»

ትንሽ ዝም አለ። «የሸጠልህ ሰውዬ አላፈረም?»

ሰውዬው አላፈረም፤ ሊያፍርም አይገባውም። ይህ መኪና እንዲህ የሆነበት የራሱ ታሪክ አለው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የሚጀምረው ሆርንሲ ነው። እኔ ለዓመታት በአውቶቡስ ሳልፍበት ምንም ያልጠረጠርኩት የሰሜን ለንደን ሰፈር ማለት ነው። የሰቨን ፈጣሪ የኮሊን ቻፕማን አባት እዚያ ሬልዌይ ሆቴል የሚባል መጠጥ ቤት ያስተዳድሩ ነበር። ልጁ በ1928 ተወለደ፤ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ገብቶ የተማረው ስለ መኪና ሳይሆን ሕንፃና ድልድይ ሸክሙን እንዴት እንደሚችል ነው። ይኼ ትምህርቱ በኋላ መኪናዎቹ ሁሉ ላይ ይታያል። በ1948 በፍቅረኛው በሄዘል ወላጆች ቤት ጀርባ ባለ ጋራዥ አንዲት ያረጀች ኦስቲን ሰቨን ፈትቶ የመጀመሪያ መኪናውን ሠራ። በ1952 ከዚችው ከሄዘል 25 ፓውንድ ተበድሮ ሎተስ ኢንጂነሪንግ የተባለውን የመኪና ኩባንያ አቋቋመ። ወርክሾፑ ከአባቱ መጠጥ ቤት ጀርባ የነበረ የፈረስ ጋጣ ነው። ሄዘልን ሁለት ዓመት ቆይቶ አገባት። ዕዳውን በዚያ እንደዘጋው እኔ እገምታለሁ።

የእኔው መኪና ቅድመ አያት፣ ሎተስ ሰቨን፣ ለሕዝብ የታየው በጥቅምት 1957 በለንደኑ የኧርልስ ኮርት የመኪና ትርኢት ነው። ስሙ ከኦስቲን ሰቨን የተወረሰ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ አይደለም። ቻፕማን መኪናዎቹን በተራ ቁጥር ይጠራ ነበር፤ ስምንትን፣ ዘጠኝን፣ አሥራ አንድን ሲሠራ ሰባት ቁጥር ክፍት ቀርታ ነበር፤ ተመልሶ ሞላት። መኪናው ከቀጭን የብረት ቱቦ የተበየደ አጽም ነው፤ በላዩ የአሉሚኒየም ላሜራ ለብሷል። ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የፎርድ 1,172 ሲሲ ነው። 40 ፈረስ ለዛሬ ጆሮ ቀልድ ይመስላል። ግን ፈረሶቹ የሚጎትቱት ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ወደ ግብሩ ልምጣ። እንግሊዝ በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1940፣ የቅንጦት በተባለ ዕቃ ላይ የግዢ ግብር ጣለች። ጦርነቱ አለቀ፤ ግብሩ ግን አላለቀም። ሰቨን በወጣበት ዓመት በመኪና ላይ የሚከፈለው ከጅምላ ዋጋው 60 በመቶ ነበር። ተገጣጥሞ የሚሸጠው ሰቨን 1,036 ፓውንድ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 347ቱ የመንግሥት ነው። በካርቶን ለሚወስደው ግን 536 ፓውንድ። ሕጉ የጣለው ግብር በመኪና ላይ ነው፤ ካርቶን ውስጥ ያለው ደግሞ ዕቃ እንጂ መኪና አይደለም። ቅድመ ሁኔታው ገዢው ራሱ እንዲገጥመው ነበር፤ መካኒክ ቀጥሮ ካስገጠመው ግብሩ ይመጣበታል።

አንድ ሌላ ገደብም ነበረ። ከዕቃው ጋር የመገጣጠሚያ መመሪያ መስጠት ክልክል ነው። በሰቨን ሰዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚወራው፣ ቻፕማን መመሪያ መስጠቱን ትቶ ስለ መኪናው አፈታት የሚናገር ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ይከት ነበር። ገዢው ከመጨረሻው ገጽ ተነሥቶ ወደ ኋላ ያነባል።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት ከአንድ ጡረታ ከወጡ የባቡር መሐንዲስ ነው። ሰውየው እየሳቁ ነበር የሚነግሩኝ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። የተክለ ሃይማኖቱን ጨርቅ ነው የነገሩኝ። አባቴ ቻፕማን የሚባል ሰው ሰምቶ አያውቅም፤ ቻፕማንም ሰይቼንቶ በጨርቅ ላይ ሲፈታ አላየም።

ግብርና ካርቶን ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። በ2022 በወጣው ተመን የኤሌክትሪክ መኪና ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ሲገባ ቀረጥ አልነበረበትም፤ በከፊል ተገጣጥሞ ሲገባ 5 በመቶ፣ ሙሉው ሲገባ 15 በመቶ ነበር። ሐሳቡ አንድ ይምሰል እንጂ እኛ ዘንድ የሚገጥመው ፋብሪካ ነው። እንግሊዝ ሳታስበው ያደረገችው ሌላ ነው፤ ግብሯ የባንክ ጸሐፊውንና የትምህርት ቤት መምህሩን ቅዳሜና እሑድ መካኒክ አደረጋቸው።

ቻፕማንን ግን ጻድቅ አላደርገውም። ክብደት መቀነስ እንደ ሃይማኖት ይዞት ነበር፤ የሎተስ የእሽቅድምድም ቡድንም በእርሱ ዘመን ሰባት ጊዜ የፎርሙላ ዋን የአምራቾች ሻምፒዮን ሆኗል። ተወዳዳሪዎቹ ጂም ክላርክ በ1968 ሆክንሃይም ላይ፣ ዮከን ሪንት በ1970 ሞንዛ ላይ የሞቱትም ሎተስ ውስጥ ነው። መኪናዎቹ ከልክ በላይ ስሱ ናቸው የሚለው ወቀሳ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1982፣ አልተለየውም። እኔ አጽሙን ስገጥም እያንዳንዱን ብየዳ በእጄ የዳሰስኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ሰቨን ልመለስ። በ1967 «እስረኛው» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ወጣ። ፓትሪክ ማክጉሃን በአረንጓዴ ሰቨን፣ አፍንጫዋ ቢጫ በሆነች፣ በለንደን ጎዳና ሲከንፍ አገሩ ሁሉ አየው። በመጨረሻው ክፍል መኪናዋን ነድቶ የሚያስረክበው ሰው ተዋናይ አልነበረም። ግራም ኒርን ይባላል፤ ከለንደን በስተደቡብ ካተርሃም በምትባል ከተማ ሰቨን የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ታሪኩ ከዚያ በኋላ የእርሱ ይሆናል።

ምክንያቱም ሚያዝያ 1 ቀን 1973 የግዢ ግብሩ ተሻረ፤ በቦታው የተጨማሪ እሴት ታክስ ገባ። አዲሱ ታክስ ካርቶን አይለይም፤ ዕቃም ይሁን መኪና ይከፈልበታል። ሎተስም ራሱ ውድ መኪና ወደ መሥራት ፊቱን አዙሮ ነበር። በደንቡ ሰቨን እዚያ ላይ መሞት ነበረበት። ኒርን የመሥራት መብቱን ገዛ፤ መጀመሪያ በፋይበርግላስ የተሠራውን አራተኛውን የሰቨን ትውልድ ቀጠለ፤ በ1974 ግን እርሱን ትቶ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አሉሚኒየሙ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መልኩ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ኩባንያው ከ2021 ጀምሮ የጃፓኑ ቪቲ ሆልዲንግስ ነው። መኪናው ዛሬም በካርቶን ይሸጣል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይኼ ነው። ግብሩ ከቀረ ሃምሳ ዓመት አለፈው፤ ሰው ግን ካርቶኑን አልተወም። እንዲያውም ባሰበት። በ1996 ሮን ቻምፒዮን የተባለ መምህር በ250 ፓውንድ ብቻ እንዲህ ያለ መኪና ከአሮጌ ፎርድ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣ፤ በየሰፈሩ ቱቦ የሚበይድ ፈላ። ገንዘብ ለመቆጠብ ነው እንዳይባል፣ የእኔ ዓይነት ሰው ሰዓቱን በደሞዙ ቢያሰላው ቶዮታ ይገዛበት ነበር። መልሱ ያለው እጅ ላይ ነው ባይ ነኝ። በራስህ እጅ ያጠበቅከውን ቡሎን ማርሽ በለወጥክ ቁጥር በጀርባህ ታውቀዋለህ። ይህን የሚሸጥልህ ሻጭ ብታፈላልግ አታገኝም።

መገጠሙ ሰባት ወር ወሰደብኝ። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ሳገናኝ አንድ ሌሊት ሙሉ ፍሪሲዮኑን መሐል ለመሐል ማምጣት አቅቶኝ፣ በመጨረሻ እንደ አባቴ እንጨት ጠርቤ አስገባሁ። ከዚያ በግል የተገጠመ መኪና የሚቀርብበት የመንግሥት ምርመራ አለ። ሰው ሊነካው የሚችል ጠርዝ ሁሉ ክብነቱ ከ2.5 ሚሊሜትር እንዳያንስ ሕጉ ያዛል። መርማሪው እየዞረ በእጁ ዳበሰው፤ ዳሽቦርዱ ሥር አንዲት የቡሎን ጫፍ ሳልሸፍን ቀርቼ ጣለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በላስቲክ ቆብ ሸፍኜ በሁለተኛው አለፍኩ።

ለብቻ የሚነዳ ሰቨን ግማሽ ሰቨን ነው። ባለቤቶቹ ከጥንት ጀምሮ ተያይዘው ነው የሚጓዙት፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ዳዶ እንዲኖረው። ባለፈው ሰኔ ዘጠኝ መኪና ሆነን ወደ ስኮትላንድ ወጣን። መሐንዲሱ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንዲት የሒሳብ መምህርት፣ ሌሎችም፤ ሐበሻ እኔ ብቻ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። መታጠፊያ ላይ የደረሰ ሁሉ ከኋላው ያለውን ሳያይ አይታጠፍም። የአዲስ አበባ የሠርግ አጀብ ይህን ደንብ ቢማር ስንት ሙሽራ ከመጥፋት ይድን ነበር! መቀመጫው ከመሬት ስለማይርቅ እጄን ብዘረጋ አስፋልቱን እነካለሁ። ዝናብ ሲመጣ ጣራ የሚያወጣ የለም፤ እየነዳህ እስካለህ ድረስ ነፋሱ ከራስህ በላይ አሻግሮ ይወስደዋል። ጉዱ ቀይ መብራት ላይ ነው።

በአራተኛው ቀን ባላክ ና ባ ከሚባለው የተራራ መንገድ ደረስን። በስኮቶቹ የጥንት ቋንቋ «የከብት ማለፊያ» ማለት ነው፤ መንገዱ በ1822 የተሠራ ነው። ከፍታው 626 ሜትር መሆኑን ሲነግሩኝ በልቤ ሳቅሁ፤ አዲስ አበባ ከዚያ በሦስት እጥፍ የበለጠ ከፍ ትላለች። ግን የሚነሣው ከባሕሩ ጠርዝ ነው። አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ መንገድ፣ ገደሉን በጎን ይዞ፣ ጥምዝምዙን ሲጀምር ሊማሊሞ ትዝ አለኝና ሳቄን ዋጥኩ።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ የነዳጅ መስጫዬ ካቦ ተበጠሰ። እግሬ ረገጠ፤ ሞተሩ አልሰማም። ከኋላዬ ያሉት ስድስቱም ቆሙ። ዘጠኝ መኪና ላይ ያለው መለዋወጫ ቢፈተሽ ካንዴላ አለ፣ ቺንጊያ አለ፣ ካቦ የለም። ሐኪሙ ሳይቀሩ አንገታቸውን ሲነቀንቁ፣ አንድ ዳገቱን በብስክሌት እየወጣ የነበረ ወጣት አጠገባችን ቆመ፤ መለዋወጫ የፍሬን ካቦ በቦርሳው ነበረው። ጨርቄን መንገዱ ላይ አነጠፍኩ። የተበጠሰውን በተራ ፈታሁ፣ የብስክሌቱን አስገባሁ፣ ጫፉን በፒንሳ አጥፌ በዳዶ አሰርኩት። መሐንዲሱ ሰዓት ይዘው ነበር፤ 22 ደቂቃ። ልጁ ገንዘብ አልቀበልም ስላለ የሒሳብ መምህርቷ ብስኩቷን በሙሉ ሰጠችው።

ካቦውን እስከ ዛሬ አልቀየርኩትም። በመጪው ሰኔ ደግሞ ወደ ዌልስ ነን። የግራው መቀመጫ ባዶ ነው፤ ለንደን ያላችሁ የመካኒክ ልጆች ብትመጡ ደስታዬ ነው። ዣንጥላ አትያዙ። ወፍራም ጃኬትና አንድ የትከሻ ቦርሳ ይበቃል።