አሸዋ ላይ የተሳለችው መኪና

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ባለፈው ሳምንት ጊቢያችን ውስጥ የቆመችውን ላንድሮቨር ፎቶ ስለጥፍ ግማሾቻችሁ «ጎበዝ» አላችሁኝ። ግማሾቻችሁ ደግሞ «ይቺን ቆርቆሮ ለቁራሌ ሸጠህ አትገላገልም?» አላችሁ። አንድ ወዳጄ ፍሬኗን መቀየራችንን አይቶ «ኦሪጅናሏን አበላሻችኋት» ብሎ ከልቡ ተቆጣ። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ የመኪናዋን ታሪክ ከሥሩ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1947 እንግሊዝ አገር ነው። ሞሪስ ዊልክስ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ፣ ወንድሙ ስፔንሰር ዊልክስ ደግሞ የኩባንያው ኃላፊ ነበሩ። ሞሪስ ዌልስ ውስጥ አንግልሲ በምትባል ደሴት እርሻ ነበረው። እርሻው ላይ የምታገለግለው ከጦርነቱ የተረፈች አሜሪካ ሠራሽ ዊሊስ ጂፕ ነበረች። ይቺ ጂፕ ስታረጅ በምን እተካታለሁ ብሎ ሲያስብ መልሱ «በሌላ ጂፕ» ብቻ ሆነበት። የመኪና ፋብሪካ መሐንዲስ ሆኖ ለራሱ እርሻ የሰው አገር መኪና ከመግዛት ሌላ መላ ማጣቱ ያበሳጫል እኮ! ሬድ ዋርፍ ቤይ በሚባል የባሕር ዳርቻ ከወንድሙ ጋር ቆሞ የአዲሷን መኪና ቅርጽ አሸዋው ላይ ጫር ጫር አድርጎ አሳየው ይባላል።

የመጀመሪያዋ የሙከራ መኪና የተሠራችው በጂፕ ሻንሲ ላይ ነው። መሪዋ እንደ ትራክተር መሃል ላይ ነበር። በግራ ለሚነዳም በቀኝ ለሚነዳም አገር አንድ ዓይነት መኪና እንሸጣለን ብለው ነው። ሐሳቡ ብዙም አልሄደም፣ ተዉት። ርዝራዡ ግን ቀረ። ለብዙ ዓመታት የላንድሮቨር ጌጆች የሚገኙት ሾፌሩ ፊት ሳይሆን ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ነበር፤ መሪው በየትኛውም በኩል ቢሆን ለውጥ እንዳያስፈልገው። ወደ ሾፌሩ ፊት የመጡት በ1971 ሲሪየስ ሦስት ሲወጣ ነው። አገራችን በ1964 ከግራ መንዳት ወደ ቀኝ ስትዞር ለእንደዚህ ዓይነት መኪና ነገሩ ቀላል ነበር ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ነበር። መንግሥት ለፋብሪካ ብረት የሚያድለው ምን ያህል ዕቃ ወደ ውጭ እንደሚሸጥ እያየ ነው። አሉሚኒየም ግን ተርፏል፤ የአውሮፕላን ምርቱ ስለቀነሰ። ስለዚህ የመኪናዋን አካል ቢርማብራይት ከሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ላሜራ እየተጫነ ቅርጽ የሚወጣበት ትልልቅ መሣሪያ ለማሠራት ገንዘብም ጊዜም አልነበረም። ስለዚህ ጎኗን ጠፍጣፋ፣ ማዕዘኗን በቀላሉ የሚታጠፍ አደረጉት። ሻንሲውም እንደዚያው ነው፦ አራት የብረት ላሜራ ቆርጦ እንደ ሳጥን መበየድ። ዛሬ «ምን ዓይነት ውብ ዲዛይን!» የምንለው ቅርጽ ከማጣት የመጣ ነው። በ1948 ኤፕሪል መጨረሻ አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ስትታይ ባለቤቶቿ ራሳቸው ለሁለት ሦስት ዓመት ክፉ ቀን ማለፊያ ትሁነን ብለው ነው እንጂ የረዥም ጊዜ እቅድ አልነበራቸውም። የእሷ ዘር የመጨረሻው ከሶሊሃል ፋብሪካ የወጣው ጃንዋሪ 29 ቀን 2016 ነው። 68 ዓመት!

ይሄን ሁሉ የነገርኳችሁ ጊቢያችን ውስጥ ምን እንዳገኘን እንድትረዱልኝ ነው።

አባዬ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ዕድሜውን የፈጀባት ላንድሮቨር ስትወገድ ጨረታ ገብቶ ገዛት። ሲሪየስ ሦስት ናት፣ አጭሯ፣ 88 የሚሏት። 88 ማለት ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት በኢንች ነው። አባዬ ካረፈ በኋላ ስድስት ዓመት ቆመች። ሣሩ በወለሏ በኩል ገብቶ በፔዳሎቹ መካከል በቅሎ ነበር። ቁራሌዎች በር ባንኳኩ ቁጥር ታናሽ ወንድሜ እያየኝ ይስቃል። እኔ ደግሞ መሸጥም ማንሳትም አቅቶኝ ዝም።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ያሉ ጡረታ የወጡ መካኒክ፣ ጋሼ እንላቸዋለን፣ መዶሻ ይዘው መጡና ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ መታ መታ አደረጉት። ድምፁ ጥርት ያለበትን አለፉት። ድፍን ያለበትን በጠመኔ አከበቡ። የላንድሮቨር ሻንሲ የሚበላው ከውስጥ ነው፤ ሳጥን ስለሆነ የገባው ውሃና ጭቃ አይወጣም። የኋላው መስቀለኛ ብረትና የአንዱ ጎን ክንድ አልቀው ነበር። እኔ ተስፋ ቆርጬ «በቃ አለቀላት?» ስላቸው፣ ጋሼ «ልጄ፣ ይሄ እኮ አራት ላሜራ ነው። እነሱ በየዱት፣ እኛም እንበይደዋለን» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ። ሦስት ሚሊ ሜትር ላሜራ ገዝተን፣ የበሰበሰውን ቆርጠን፣ በክሪክና በድንጋይ ደግፈን እዚያው ጊቢ ውስጥ ተበየደ። ብየዳው ሲካሄድ አካሉ እንዳይጣመም በየጊዜው ከማዕዘን ማዕዘን በሜትር እየለካን ነው። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብን። የዘንድሮን መኪና እስቲ ጊቢያችሁ ውስጥ እንደዚህ አድርጉት።

አሉሚኒየሙ አይዝግም ይላሉ። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። የበሮቿ የታችኛው ጠርዝ በሙሉ እንደዚያ ነበር፤ ቆዳው አሉሚኒየም ሲሆን ፍሬሙ ብረት ነዋ። የተበላውን ቆርጠን በአዲስ ላሜራ ተካን፤ በመሃል ደግሞ እንዳይነካኩ አሮጌ ካላማዳሪ በቀጭኑ ቆርጠን አስገባን። ፋብሪካው ያላሰበውን ካላማዳሪ አሰበው።

እዚህ ጋ አንዲት ነገር ጣልቃ ላስገባ። ስንሠራ የምንጠራራበትን ቋንቋ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ዳዶ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ። ሁሉም የጣሊያን ነው። አምስት ዓመት ቆይተው የተባረሩ ሰዎች ቃላቸው ጋራዣችን ውስጥ ቀርቷል። እንግሊዞች የሠሯትን መኪና አማርኛ ተናጋሪ በጣሊያንኛ ይፈታታል። ጋሼ ግን «የምን ጣሊያን፣ የሶማሌ ተራ ቋንቋ ነው» ይላሉ።

አባዬ ስለዚች መኪና የሚያወራት አንዲት ታሪክ ነበረችው። ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ደሴ ሲሄድ የኋላ አክስሉ፣ ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ፣ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የአጭሯ ላንድሮቨር የታወቀ ድካም ነው። አባዬ ምን አደረገ? ጎማው ያለ ዘንጉም በራሱ ኩሽኔታ ላይ ይቆማል። ስለዚህ በጎማው መሃል ያሉትን ስድስት ቡሎኖች ፈትቶ የተሰበረውን መዘዘ፣ ቀዳዳውን በጨርቅና በላስቲክ ጠፍንጎ አሰረ፣ ቢጫዋን ማንሻ ወደ ታች ተጫነ። ቢጫዋ የፊት ጎማዎችን የምታስገባው ናት። በፊት ጎማ እየተጎተተ ደሴ ገባ። ሲያወራው ሁሌ «ስድስት ቡሎን ብቻ!» ይላል፤ ጣቶቹን እየቆጠረ።

ታዲያ እንዲህ ዓይነት መኪና ምን ሆና ከገበያ ወጣች ትሉ ይሆናል። የወጣችው በሠሪዎቿ ነው። ሮቨር በ1967 በሌይላንድ ተጠቀለለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ትልቅ ውህደት ሆነና ብሪቲሽ ሌይላንድ ተባለ፣ በ1975 ኩባንያው ኪሳራ አፋፍ ላይ ደርሶ መንግሥት ወረሰው። ላንድሮቨር የምታስገባው ገንዘብ የሌሎቹን ጉድጓድ ሲሞላ ለእሷ የሚወጣ ጠፋ። በዚያው ጊዜ ቶዮታ እየመጣ ነበር። ጃፓኖቹ በ1951 የራሳቸውን ጂፕ መሰል መኪና ሠርተው ፉጂ ተራራ ላይ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ አወጧት። በ1954 «ላንድክሩዘር» አሏት፤ ስሙን ሲያወጡ ላንድሮቨርን እያሰቡ ነበር። በ1960 ባለ 40 ሲሪየሷ ወጣች። ሞተሯ ስድስት ሲሊንደር፣ 3.9 ሊትር፤ የእንግሊዟ ደግሞ አራት ሲሊንደር፣ 2.25 ሊትር። ዳገት ላይ ልዩነቱን ለናንተ መንገር አያስፈልግም። በዓለም ዙሪያ ገጠር የሚነዳው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ቶዮታ ሄደ። እኛም አገር የሆነውን ታውቃላችሁ።

እኛ አገር ግን ሌላም ታሪክ አለ፤ እሱን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም።

እማዬ በዚች መኪና አንድ ቀን ተሳፍራ አታውቅም። ገበያ በእግሯ፣ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ። ልጆች ሳለን ለምን እንደሆነ አናውቅም ነበር፤ ከአባዬ ጋር የተጣላች ይመስለን ነበር። ትልልቅ ስንሆን ነገረችን። በቀይ ሽብር ዘመን ወንድሟን ሌሊት መጥተው ሲወስዱት ከበሩ የቆመችው ላንድሮቨር ነበረች። መጀመሪያ የሰማችው ሞተሩን ነው፤ ቆሞም አልጠፋም ነበር። ተመልሶ አልመጣም። በኋላ ሶቪየቶች ሲመጡ ከኡልያኖቭስክ ፋብሪካ የመጣው ዋዝ የባለሥልጣንና የወታደር መኪና ሆነ፣ የሌላው ሰው ፍርሃት ምናልባት የዋዝ ድምፅ ይኖረው ይሆናል። የእማዬ የላንድሮቨር ነው። አባዬ ይሄን እያወቀ ነው ጨረታ የገባው? ጠይቄው አላውቅም። እሱ የሚያውቃት ላንድሮቨር ደሴ በፊት ጎማዋ የገባችውን ነው።

እና ወንድሜ «ለላሜራ እንሽጣት» ሲል እኔ ወግ አጥባቂ፣ እሱ ጨካኝ ነበርን ብላችሁ አታስቡ። እሱ የእማዬን ወገን ይዞ ነበር።

አሁን «ኦሪጅናሏን አበላሻችኋት» ላልከኝ ወዳጄ። የቱ ነው ኦሪጅናሉ? በ1948 ስትወጣ ሞተሯ 1.6 ሊትር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሊትር ሆነ። በ1958 በሲሪየስ ሁለት 2.25 መጣ። በ1979 ራሱ ፋብሪካው በረዥሟ ላይ ባለ ስምንት ሲሊንደር አስገባ። ካምቢዮዋም በፊት ሦስተኛና አራተኛ ማርሽ ብቻ ነበር ሳይጮህ የሚገባው፤ አራቱም የተስተካከሉት በሲሪየስ ሦስት ነው። በ1983 ባሌስትራውን ጥለው ሞላ አደረጉ። ሠሪዎቿ ሲያሻሽሏት ኖረው እኛ ስናሻሽላት ኃጢአት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ወንድሜ መጀመሪያ የፈለገው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ማስገባት ነበር። ብዙ ሰው አድርጎታል፣ ክፋት የለውም። ጋሼ ግን ቴስታታውን ከፍተው ሲያዩት ሲሊንደሮቹ ደህና ነበሩ። ጓርኒሲዮን ተቀየረ፣ ቫልቮቹ ተሞረዱ፣ ፑንቲናው ወጥቶ በኤሌክትሮኒክ ተተካ፤ እሱ ብቻውን አነሳሷን ሌላ አደረገው። ቤንዚን ትጠጣለች፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 ሊትር በላይ። ይሁን፣ የምንሄደው በዓመት ሁለቴ ነው።

ፍሬኑ ላይ ግን ወንድሜ ንቅንቅ አላለም፣ ትክክልም ነበር። የእኛዋ የፍሬን ዘይቷ የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ነው። አንዱ ጎማ ጋ ጎሚኒ ቢቀደድ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። ጣርማ በር ላይ ቁልቁል እየወረዳችሁ አስቡት። ባለ ሁለት መስመር የፍሬን ማስተር ከነሰርቮው አስገባን፤ የፊቱ ቢሄድ የኋላው ይይዛል። ቀበቶም ጨመርን። አባዬ ቢኖር ቀበቶውን ይስቅበት ነበር፣ ፍሬኑን ግን ይመርቀን ነበር።

ለ«ሽጣት» ባዮች ደግሞ፦ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። በእጃችሁ ያለውን አሮጌ ከመጣላችሁ በፊት ለአንድ ጋሼ አሳዩት።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተነሳች። ባትሪው ስለደከመ ሞተሪኖው እምቢ አለ፤ ወንድሜ ማኖቬላውን ከፊት አስገብቶ አዞራት፣ በሦስተኛው ተነሳች። ጎረቤት ሁሉ ወጣ፣ ልጆች ጮኹ። እማዬ ኩሽና በር ላይ ቆማ አየችን። ተጠጋኋትና «እማዬ፣ እንሽጣት ካልሽ ነገውኑ እሸጣታለሁ» አልኳት፤ የምሬን ነው። ዝም ብላ ቆየችና «አባታችሁ የለፋባት ናት፣ አትሸጡም። ሌሊት ግን አታስነሷት» አለች። ገብታም ቡናውን ቀጠለች።

ስለዚህ ከመሸ በኋላ ቁልፏ አይነካም። አንድ ቀን ከዘገየን ከመንገዱ ዳር አቁመን በእግራችን እንገባለን ተባብለናል።

አሁን የቀረን የኋላ አክስል ነው፤ የግራው ጥርሱ አልቋል፣ የአባዬን ስድስት ቡሎን መድገም አልፈልግም። ሶማሌ ተራ የጠየቅኳቸው ሁሉ የረዥሟን ነው የሚያሳዩኝ፤ እሱ አይገጥምም። የ88 ሲሪየስ ሦስት የኋላ አክስል ያላችሁ ወይም የቆመች መኪና የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።