የውርርድ ቦነስ

የውርርድ ቦነስ ማለት አቋማሪ ድርጅት ለደንበኛው የሚሰጠው፣ ለመጫወት የሚያገለግል ነገር ግን ወዲያውኑ በጥሬ ገንዘብ ሊወጣ የማይችል ሒሳብ ነው። በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቀው በተለምዶ «ቤቲንግ» በሚባለው የስፖርት ውርርድ ነው። በመዝናኛ መርከቦች ላይም ተሳፋሪዎች «የመርከብ ክሬዲት» የሚባል ተቀራራቢ ሒሳብ ያገኛሉ። ክሬዲት የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ብድርን ወይም ዱቤን ያመለክታል። እዚህ ላይ ግን የማይመለስ፣ አጠቃቀሙ ግን በደንብ የታሰረ ስጦታ ነው።

አሠራር

የአቋማሪ ድርጅት ሲስተም ለአንድ ደንበኛ ሁለት ሒሳቦችን ለየብቻ ይመዘግባል። አንደኛው ደንበኛው ራሱ ያስገባው ገንዘብ ሲሆን ሁለተኛው ቦነሱ ነው። ስልኩ ላይ ሁለቱ ተደምረው እንደ አንድ ቁጥር ሊታዩ ይችላሉ። «ገንዘብ አውጣ» የሚለው ትእዛዝ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ይመለከታል። ቦነስ ወደ ገንዘብ የሚቀየረው በአብዛኛው ከሚከተሉት ሁኔታዎች አንዱ ወይም ከአንድ በላይ ሲሟላ ነው።

- ቦነሱ የተወሰነ እጥፍ ሲወራረድ (ለምሳሌ የ100 ብር ቦነስ አምስት እጥፍ ከተባለ በድምሩ የ500 ብር ውርርድ)
- በአንድ ትኬት ላይ ከተወሰነ ቁጥር ያላነሱ ጨዋታዎች ሲያዙ
- የእያንዳንዱ ጨዋታ ኦድ ከተቀመጠው መጠን ሳያንስ ሲቀር
- ሁሉም በተወሰነ የቀን ገደብ ውስጥ ሲፈጸም

በመዝናኛ መርከብ ላይ

የመርከብ ክሬዲት የጉዞ ወኪል ወይም የመርከቡ ድርጅት ለተሳፋሪው የሚሰጠው የወጪ መሸፈኛ ነው። ተሳፋሪው በመርከቡ ላይ የሚገዛቸው ነገሮች በክፍሉ ሒሳብ ላይ ስለሚመዘገቡ ክሬዲቱ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ሁለት ዓይነት አለ። ተመላሽ የሚሆነው ክሬዲት ካልተጠቀሙበት በጉዞው መጨረሻ በገንዘብ ይሰጣል፤ ተመላሽ ያልሆነው ግን ጉዞው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ካሲኖው ከዚህ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ ተሳፋሪው ሊቃጠልበት ያለውን ክሬዲት ወደ ቁማር ማሽን አስገብቶ የተረፈውን በጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ይሞክራል። አንዳንድ ድርጅቶች ይህን ይከለክላሉ፤ የሚፈቅዱትም ከክፍል ሒሳብ ወደ ካሲኖ ለሚዛወር ገንዘብ በመቶኛ የሚሰላ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ።

የመርከብ ካሲኖዎች በአብዛኛው የሚከፈቱት መርከቡ ከወደብ ርቆ ሲሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት የአንድ አገር የባሕር ክልል እስከ 12 የባሕር ማይል (22 ኪሎ ሜትር ገደማ) እንዲሆን ይፈቅዳል። ከዚያ ውጭ በዋናነት የሚሠራው መርከቡ የተመዘገበበት አገር ሕግ ነው። በሐዋይ ደሴቶች መካከል የምትመላለሰው ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ የተባለችው መርከብ ካሲኖ የላትም፤ ሐዋይ ቁማርን ትከለክላለች።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር በር የላትም። ተመሳሳይ ሒሳብ የሚገኘው በስፖርት ውርርድ ነው። በ1954 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ሎተሪ የሎተሪ ጨዋታዎችን ሲያካሂድ ቆይቷል፤ ለስፖርት ውርርድ ድርጅቶችም ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። ውርርዱ በአብዛኛው በአውሮፓ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ላይ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ማስገባት ቀላል ሆኗል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጫጫ የሚኖር ሰውም ውርርድ ቤት ሳይሄድ ትኬት መቁረጥ ይችላል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል።

ስሌት

የቦነስን ትክክለኛ ዋጋ በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። ሁለት ውጤት ብቻ ያለውና ዕድሉ እኩል የሆነ ጨዋታ ትክክለኛ ኦድ 2.00 ነው። አቋማሪው 1.90 ከሰጠ፣ 100 ብር ያስያዘ ሰው በአማካይ የሚመለስለት 95 ብር ነው። 5 ብሩ የአቋማሪው ድርሻ ነው።

ጨዋታዎች በአንድ ትኬት ሲደመሩ ይህ ድርሻ ያድጋል። ሦስት ጨዋታ ያለው ትኬት በአማካይ የሚመልሰው 86 ብር ገደማ ሲሆን፣ አሥር ጨዋታ ያለው ደግሞ 60 ብር ገደማ ብቻ ነው። የሦስቱ ጨዋታ ትኬት ሙሉ በሙሉ የሚሳካው ከስምንት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የ100 ብር ቦነሱን በሙሉ በአንድ የሦስት ጨዋታ ትኬት ላይ ካስያዙ ስምንት ሰዎች መካከል በአማካይ ሰባቱ በመጀመሪያው ትኬት ይበላሉ። የተሳካለትም አምስት እጥፉን ለመሙላት ገና 400 ብር መወራረድ ይጠበቅበታል።

«ነጻ ውርርድ» በሚባለው የቦነስ ዓይነት ደግሞ መነሻው ገንዘብ አይመለስም። በ1.90 ኦድ የተሳካ የ100 ብር ነጻ ውርርድ የሚያስገኘው 190 ሳይሆን 90 ብር ነው፤ በአማካይ ሲሰላም 45 ብር ይሆናል።

ጉዳት

ቦነሱ ራሱ ሲያልቅ ከተጫዋቹ ኪስ የሚወጣ ነገር የለም። ጉዳት የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ብዙ ቦነሶች የሚሰጡት ደንበኛው አስቀድሞ የራሱን ገንዘብ ሲያስገባ ነው። ሁለተኛው፣ እጥፉን ለመሙላት ጥቂት የቀረው ሰው «የጀመርኩት እንዳይባክን» ብሎ የራሱን ገንዘብ ይጨምራል። ያን ጊዜ የሚያጣው ስጦታ ሳይሆን የቤት ኪራይ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ሊሆን ይችላል። ለውርርድ ተብሎ የተወሰደ ብድር ደግሞ ከቦነስ ፈጽሞ ይለያል፤ ትኬቱ ቢበላም ዕዳው ይቀራል። ስለዚህ ቦነስ ከመቀበል በፊት ሦስት ነገሮችን ማየት ይጠቅማል፦ ስንት እጥፍ እንደሚያስወራርድ፣ መቼ እንደሚያበቃ፣ እና አሁኑኑ ሊወጣ የሚችለው ገንዘብ ስንት እንደሆነ።