ከአውሮፕላን ፋብሪካ ወደ ሙዚየም፡ ኮምፒዩተር ሐውልትንና ሕንፃን እንዴት አገናኘ?

የሕንፃ ሥራ ለረጅም ዘመን የተመሠረተው በወረቀት ላይ በሚሰመር ፕላን ነው፡፡ አርክቴክቱ ከላይ፣ ከፊትና ከጎን የሚታየውን ለይቶ ያሰምራል፤ ተቋራጩም ፕላኑን አንብቦ ይገነባል፡፡ ይህ አሠራር ቀጥ ላለ ግድግዳ ይበቃል፡፡ እንደ ሐውልት የሚጠማዘዝና የሚታጠፍ ቅርጽ ሲመጣ ግን ፕላኑ ለገንቢው የተሟላ መልስ አይሰጥም፡፡ ተቋራጭ ደግሞ በውል ላልገባው ሥራ የሚጠይቀው ዋጋ ከፍ ያለ ነው፡፡ ስለዚህ ብዙ ደፋር ሐሳቦች ከሞዴል ሳያልፉ ይቀሩ ነበር፡፡

መፍትሔው የተገኘው ከአውሮፕላን ፋብሪካ ነው፡፡ የፈረንሳዩ አውሮፕላን አምራች ዳሶ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለራሱ ሥራ ያዳበረው ካቲያ የተባለ ሶፍትዌር፣ የተጠማዘዘን ገጽ እያንዳንዱን ነጥብ በሒሳብ ቀመር ይገልጻል፡፡ በካናዳ ተወልደው በሎስ አንጀለስ ይሠሩ የነበሩት የአርክቴክት ፍራንክ ጌህሪ ቢሮ ይህን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ለ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ በባሕር ዳርቻ ለቆመው የዓሣ ቅርጽ ተጠቀመበት፡፡ ዓሣው 56 ሜትር ርዝመትና 35 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ሐውልትም ሕንፃም ሊባል የሚችል ሥራ ነው፡፡

ከዚያ የተገኘው ልምድ እ.ኤ.አ. በ1997 በስፔኗ ቢልባዎ ከተማ ለተከፈተው የጉገንሃይም ሙዚየም ዋለ፡፡ እዚህ ላይ አሠራሩን ማስተዋል ይገባል፡፡ ጌህሪ ራሳቸው በኮምፒዩተር አይነድፉም ነበር፤ ሐሳባቸውን የሚያወጡት በእጅ በሚሞነጫጭሩት ንድፍ እንዲሁም በወረቀትና በእንጨት ሞዴል ነው፡፡ ረዳቶቻቸው የሞዴሉን ገጽ በመለኪያ መሣሪያ እየነኩ ነጥቦቹን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባሉ፡፡ መሐንዲሱ የብረቱን አጥንት፣ ፋብሪካው የሽፋኑን ልክ የሚያገኙት ከዚሁ ከአንዱ ሞዴል ነው፡፡ ሙዚየሙን የሸፈኑት ወደ 33,000 የሚጠጉ፣ ውፍረታቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ የቲታኒየም ቆርቆሮዎች በዚህ መንገድ ተዘጋጁ፡፡

ለውጡ የመሣሪያ ብቻ አልነበረም፡፡ ቀድሞ ቀራጺው፣ አርክቴክቱና ፋብሪካው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ወረቀት ይዘው ይነጋገሩ ነበር፤ አሁን ሁሉም የሚመለከቱት አንድ ልኬት ሆነ፡፡ የጌህሪ ቢሮም እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንኑ ዘዴ ለሌሎች አርክቴክቶች የሚያቀርብ የቴክኖሎጂ ኩባንያ አቋቋመ፡፡

ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር የተጠየቀውን እንጂ ያልተጠየቀውን አይመልስም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2003 በሎስ አንጀለስ የተከፈተው የዋልት ዲዝኒ የሙዚቃ አዳራሽ ለዚህ ምስክር ነው፡፡ በ1990ዎቹ በወጪ መናር ለዓመታት ቆሞ የነበረው ይህ ሕንፃ የለበሰው የማይዝግ ብረት ነው፡፡ ከብረቱ ከፊሉ እንደ መስታወት የተወለወለ በመሆኑ የፀሐይን ጨረር ወደ አጎራባች መኖሪያ ቤቶችና ወደ መንገዱ አንጸባረቀ፤ ነዋሪዎችም በሙቀቱና በብርሃኑ ተማረሩ፡፡ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2005 የሚያንጸባርቀው ክፍል ተፍቆ እንዲደበዝዝ ተደረገ፡፡

የብረቱ ልክ እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ ሊታወቅ ይችላል፡፡ ብረቱ ከጎረቤቱ መስኮት አንጻር ምን እንደሚያደርግ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሰው ነው፡፡