ከተራማጅ ሮክ ሙዚቀኞች ብዙ ተከታይ ያፈራው ማን ነው?

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ሰው ሰውን በደረጃ መደልደል የሚወድ ፍጡር ነው። በመሥሪያ ቤት ሹመትና የደመወዝ ዕድገት፥ በትምህርት ቤት አንደኛና ሁለተኛ መውጣት፥ በጨዋታ ሜዳም ዋንጫ መውሰድ ሁሉ የተመሠረቱት በዚሁ ጠባይ ላይ ነው። ነገር ግን ደረጃ ከመስጠት አስቀድሞ ሚዛኑን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ሚዛኑ ያልታወቀ ድልድል ሙግትን እንጂ ዕውቀትን አያተርፍም። የዛሬው ንግግራችን በእንግሊዝ አገር በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ስለ ተነሣውና ተራማጅ ሮክ ወይም በባለቤቶቹ አጠራር ፕሮግሬሲቭ ሮክ ስለሚባለው የሙዚቃ ዐይነት ሲሆን፤ ከሙዚቀኞቹ መካከል በሌሎች ሥራ ላይ ከሁሉ የበለጠ ኀይል ያሳደሩት እነማን እንደ ሆኑ በተራ እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሮክ የተባለው ሙዚቃ በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ሲወለድ ዋና መሠረቱ የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ ነበር። የአንዱ ዘፈን ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከሦስት ደቂቃ አያልፍም ነበር፤ አገልግሎቱም በይበልጥ ወጣቶችን ማስደነስ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ግን ሦስት ነገሮች ባንድ ጊዜ ተገናኙ። አንደኛው፤ በያንዳንዱ ገጽ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚይዘው ትልቁ ሸክላ እየተስፋፋ ስለ ሄደ ሙዚቀኛው ለረዥም ድርሰት ስፍራ አገኘ። ሁለተኛው፤ አዳዲስ መሣሪያዎች መጡ። ሜሎትሮን የሚባለው በእያንዳንዱ ቍልፍ ሥር ድምፅ የተቀዳበት ቴፕ ስላለው፥ ቍልፉ በተጫኑት ጊዜ የቫዮሊን፥ የዋሽንት ወይም የመዘምራን ድምፅ ያሰማል። ሮበርት ሙግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራው ሲንተሳይዘር ደግሞ ከዚህ በፊት ጆሮ ያልሰማውን ድምፅ በኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ሦስተኛው፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ወይም በታወቁ ትምህርት ቤቶች ያደጉ፥ ባኽንና ስትራቪንስኪን እንዲሁም ጃዝን የሚያውቁ የእንግሊዝ ወጣቶች ወደ ሮክ ገቡ።

መንገዱን የጠረጉት ሁለት ሸክላዎች በ1967 ወጡ። ቢትልስ በ1966 በየአደባባዩ መጫወት አቁመው ወደ መቅጃ ክፍል ከገቡ በኋላ «ሳርጀንት ፔፐር» የተባለውን ሸክላ አወጡ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሙዲ ብሉዝ የተባለው ጓድ የአንድን ቀን ውሎ ከንጋት እስከ ሌሊት የሚተርክ ድርሰት ከኦርኬስትራ ጋር አቀረበ። እነዚህ ጠራጊዎች ናቸውና በድልድላችን ውስጥ አናስገባቸውም፤ ዘር የዘሩትን ግን እንመለከታለን።

ሚዛናችን ሦስት ጥያቄዎች አሉት። በሩን አስቀድሞ የከፈተው ማን ነው? ደቀ መዛሙርት ያፈራው ማን ነው? ዘመኑ ካለፈ በኋላስ ምልክቱ የሚታየው የማን ነው? የተሸጠ ሸክላ ብዛት በዚህ ሚዛን አይገባም። ብዙ የሸጠ ሁሉ ብዙ አላስተማረምና።

አንደኛ፤ ኪንግ ክሪምሰን። ይህ ጓድ በለንደን በ1968 መጨረሻ ተቋቋመ። መሪው ሮበርት ፍሪፕ ከብዙዎቹ የሮክ ጊታረኞች ተለይቶ እንደ ጸሓፊ በመቀመጫው ላይ ተቀምጦ የሚጫወት፥ ጥንቁቅና ጥብቅ ሰው ነው። ሐምሌ 5 ቀን 1969 በሃይድ ፓርክ ሮሊንግ ስቶንስ በነጻ በተጫወቱበት ዕለት ይህ ያልታወቀ ጓድ ከነሱ ቀድሞ በብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ፊት ቆመ። በጥቅምት ወር የወጣው የመጀመሪያው ሸክላ «በቀዩ ንጉሥ አደባባይ» የሚል ትርጓሜ ያለው አርእስት ሲኖረው፤ የያዘው አምስት ዘፈን ብቻ ነው። መጀመሪያው ዘፈን በሳክስፎንና በሻካራ ጊታር እንደ ማዕበል የሚመታ ነው፤ ሁለተኛው በዋሽንት የሚመራ ጸጥተኛ ዜማ ነው፤ ሦስተኛው በሜሎትሮን ታጅቦ እንደ ልቅሶ የሚያዘግም ነው። ጃዝ፥ የኤውሮፓ ጥንታዊ ሙዚቃና ሮክ ባንድ ገበታ የቀረቡት ሳይጋጩ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ይህን ሸክላ ወይ ተከትለውታል፤ ወይ ሊበልጡት ሞክረዋል።

የኪንግ ክሪምሰን ታላቅነት ግን ከሸክላው ይልቅ በትምህርት ቤትነቱ ይታወቃል። አንድ ታላቅ የቅኔ መምህር ያለበት ደብር ተማሪው እየመጣ፥ እየተማረ፥ ወደየአገሩ እየተበተነ የመምህሩን ስልት እንደሚያደርስ፤ የዚህ ጓድ አባሎችም እንዲሁ ተበትነዋል። ግሬግ ሌክ በ1970 ወጥቶ ኤመርሰን፥ ሌክና ፓልመር የተባለውን ጓድ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር መሠረተ። ኢያን ማክዶናልድ በኋላ ፎረነር ከተባለው ጓድ መሥራቾች አንዱ ሆነ። ጆን ዌተን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤሽያ የተባለውን አቋቋመ። ይልቁንም የሚያስደንቀው ከበሮ መቺው ቢል ብሩፎርድ ነው። ይህ ሰው የስ የተባለው ጓድ በዝናው ጫፍ ላይ በደረሰበት በ1972 እንጀራውን ትቶ፥ እምብዛም ገንዘብ ወደሌለበት ወደ ኪንግ ክሪምሰን ገባ። ሰው ከፍ ያለ ቦታ ለቆ የሚሄደው የሚማርበትን ስፍራ ሲያገኝ ነው። ቱል የተባለው የአሜሪካ ጓድ በ2001 ኪንግ ክሪምሰንን አብሮት እንዲዞር ጋበዘ፤ ካንዬ ዌስት የተባለው አሜሪካዊም በ2010 ባወጣው ዘፈን ከዚያ ከ1969ኙ ሸክላ ድምፅ ወስዷል። ከአርባ ዓመት በኋላ የሚወሰድለት ነገር ያለው ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፤ ፒንክ ፍሎይድ። ከአንባብያን መካከል «ይህስ አንደኛ መሆን ሲገባው» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። በ1973 የወጣው «የጨረቃ ጨለማ ገጽ» የተባለው ሸክላቸው ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ እስከ 1988 ድረስም በአሜሪካ የሸክላ ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ 741 ሳምንት ቈይቷል። ሆኖም ይህ የገበያ ምስክርነት ነው። ለደረጃቸው የሚበቃው ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም የሰዓት ደወልን፥ የገንዘብ መቍጠሪያ መኪናን፥ የልብ ትርታን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ መጠቀማቸው፤ አንዱን ሸክላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባንድ ሐሳብ ማሰራቸው፤ እንዲሁም መብራትንና ሥዕልን ከሙዚቃው ጋር ማጋጠማቸው ነው። ዛሬ በትልቅ ሜዳ የሚጫወት ጓድ ሁሉ ከነሱ የተበደረው አለ።

ስለነዚህ ሰዎች ሲነገር የማይዘለል አንድ ታሪክ አለ። የመጀመሪያው መሪያቸውና የግጥም ደራሲያቸው ሲድ ባሬት ነበር። ዝናው ገና ሲጀምር አእምሮው እየታወከ ስለ ሄደ በ1968 ከጓዱ ተለየ፤ በስፍራውም የወጣትነት ባልንጀራው ዴቪድ ጊልሞር ቀረ። በ1975 በሰኔ ወር ጓደኞቹ በለንደን መቅጃ ክፍል ተቀምጠው ስለ እርሱ የተደረሰውን የናፍቆት ሙዚቃ ሲያሰናዱ፥ ጠጕሩንና ቅንድቡን የተላጨ ወፍራም ሰው ገብቶ ቆመ። ለረዥም ጊዜ ማንነቱን አላወቁትም። ባሬት ራሱ ነበር። ባወቁት ጊዜ ከመካከላቸው ያለቀሱ ነበሩ። እርሱም ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ካምብሪጅ ተመልሶ በጸጥታ ኖሮ በ2006 ዐረፈ። ዝና ሁሉን እኩል እንደማይመግብ ይህ ያስረዳል።

ሦስተኛ፤ የስ። በ1968 ዘፋኙ ጆን አንደርሰንና የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ክሪስ ስኳየር ያቋቋሙት ይህ ጓድ የመሣሪያ ጥበብን ከፍ ወዳለ ማማ አወጣ። በ1972 ያወጡት ሸክላ ሦስት ድርሰት ብቻ ሲይዝ፥ የመጀመሪያው አንዱን ገጽ ብቻውን ይሞላል። ሥዕል ሠሪው ሮጀር ዲን በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ደሴቶችን የሣለባቸው የሸክላ ሽፋኖችም እንደ ዜማው የታወቁ ሆኑ። ነገር ግን በ1973 ያወጡት ሁለት ሸክላ የያዘ ድርሰት አራት ዘፈን ብቻ ስለ ነበረው፥ ፒያኖ ተጫዋቻቸው ሪክ ዌክማን ራሱ አልወደደውምና በሚከተለው ዓመት ለቀቀ። በጎው ነገር ሲበዛ ልክ እንደሚያጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አራተኛ፤ ጀነሲስ። ቻርተርሃውስ በተባለው የእንግሊዝ ትምህርት ቤት በ1967 ተማሪዎች የጀመሩት ነው። ፒተር ገብርኤል እየዘፈነ ጭምብልና ልዩ ልዩ ልብስ እየለወጠ ሙዚቃን ከቴአትር ጋር አጋባ። እርሱ በ1975 ሲለይ ከበሮ መቺው ፊል ኮሊንስ ዘፋኝ ሆነ፤ ጓዱም ቀስ በቀስ ወደ አጫጭርና ቀላል ዘፈኖች ዞረ። ማሪሊዮንና ሌሎችም የነዚህ ልጆች ናቸው። በኢጣሊያ ደግሞ ገና በአገራቸው ሳይከበሩ እጅግ ተወደዱ፤ የዚያ አገር ወጣቶችም በቋንቋቸው የራሳቸውን ተራማጅ ሮክ ሠሩ።

ከኛ አገር ጋርም የሚያገናኛቸው ነገር አለ። በ1984 በሰሜን ኢትዮጵያ ታላቁ ረኀብ በደረሰ ጊዜ የእንግሊዝ ዘፋኞች በኅዳር ወር ለርዳታ ባንድነት የዘፈኑትን ሸክላ ከበሮውን የመታው ፊል ኮሊንስ ነው። ሐምሌ 13 ቀን 1985 ለዚሁ ርዳታ በለንደንና በፊላደልፊያ በተደረገው ትርዒት፥ ኮሊንስ በለንደን ተጫውቶ በኮንኮርድ አይሮፕላን ውቅያኖሱን ተሻግሮ በዚያው ዕለት በአሜሪካም ተጫወተ። ገናን ከጥንት ጀምሮ ለሚያከብር ሕዝብ ስለ ገና የሚጠይቀው የዘፈኑ አርእስት የሚያስገርም መሆኑን ብዙ ኢትዮጵያውያን ተናግረዋል፤ ንግግራቸውም እውነት ነው። ቢሆንም የተሰበሰበው ገንዘብ ለተራበ ሰው የታሰበ ስለ ነበር፥ ቅሬታውንም ውለታውንም ሳይቀላቅሉ ማስታወስ ይገባል።

አምስተኛ፤ ኤመርሰን፥ ሌክና ፓልመር። ኪት ኤመርሰን የሙግን ሲንተሳይዘር ከመቅጃ ክፍል አውጥቶ በሕዝብ ፊት ካቆሙት ፊተኞች አንዱ ነው። የሩሲያዊውን የሙሶርግስኪን «የኤግዚቢሽን ሥዕሎች» በሮክ መሣሪያ በመጫወታቸው፥ ኦርኬስትራ አዳራሽ ገብቶ የማያውቅ ወጣት የጥንታዊ ሙዚቃን ጣዕም አወቀ። በ1977 ግን አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ይዘው አሜሪካን ለመዞር ቢነሡ ወጪው ስላልቻላቸው ኦርኬስትራውን ለማሰናበት ተገደዱ።

ስድስተኛ፤ ጀትሮ ተል። ስሙ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የዘር መዝሪያ መሣሪያ በመሥራት ከታወቀው የእንግሊዝ የእርሻ ሊቅ የተወሰደ ነው። መሪው ኢያን አንደርሰን ዋሽንትን በሮክ ውስጥ ዋና መሣሪያ አደረገ። ተቺዎች ከ1971ዱ ሸክላ በኋላ «አንድ ሐሳብ የያዘ ድርሰት» ብለው ስለ ጠሩት፥ በ1972 ሁለቱንም ገጽ የሚሞላ አንድ ዘፈን ብቻ ደርሶ ሽፋኑን እንደ ሙሉ ጋዜጣ በማሳተም ቀለደባቸው። ቀልዱ ከቁም ነገሩ ይልቅ ተወደደ።

ሰባተኛ፤ ረሽ። ይህ የካናዳ ጓድ ሦስት ሰው ብቻ ነበር። የ1975ቱ ሸክላቸው ስላልተሸጠ ኩባንያቸው አጫጭር ዘፈን እንዲሠሩ ጫና አደረገባቸው። እነርሱ ግን በ1976 አንድ ገጽ ሙሉ የሚይዝ ሃያ ደቂቃ ያህል ድርሰት አቅርበው ያንኑ ሸክላ ለመታወቂያቸው አደረጉት። በ2020 የሞተው ከበሮ መቺያቸው ኒል ፒርት የብዙ ከበሮ መቺዎች መምህር ነበር። በ1985 በቦስተን ከተማ በበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማሪዎች የተጀመረው ድሪም ቲያተር የረሽና የየስ ደቀ መዝሙር መሆኑን አይክድም።

ከ1976 ጀምሮ ፓንክ የተባለው አዲስ ትውልድ በእንግሊዝ ተነሣ። በሦስት ዜማ ስልትና በቍጣ ብቻ እየተጫወተ ተራማጆቹን የሀብታም ልጆች መዝናኛ ብሎ ዘለፋቸው። ከመሪዎቹ አንዱ ጆን ላይደን ፒንክ ፍሎይድን እንደሚጠላ የሚናገር ከናቴራ ለብሶ ይታይ ነበር። ዘለፋው በሙሉ ሐሰት አልነበረም። ከፓንክ በፊትም ብዙዎቹ ሥራው ከሰሚው ዐቅም ርቆ፥ ችሎታን ማሳየት የሥራው ፍጻሜ ሆኖ ነበር። በአንጻሩ ፍሪፕ ገና ማንም ሳይነካው በ1974 ኪንግ ክሪምሰንን በገዛ እጁ አፈረሰ፤ በ1981 እንደገና ሲያቋቁመውም የቀድሞውን አልደገመም። በመካከሉ በ1977 በዴቪድ ቦዊ «ጀግኖች» በተባለው ዘፈን ላይ ጊታር ተጫውቷል። ከዘመኑ ማዕበል ያመለጠው የያዘውን ለመልቀቅ የደፈረው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ድልድላችን ይህ ነው። ሌላ ሚዛን የያዘ ሰው ሌላ ተራ ቢያወጣ አንቃወመውም፤ ሚዛኑን አስቀድሞ እንዲነግረን ብቻ እንጠይቀዋለን። በሽያጭ የሚመዝን ፒንክ ፍሎይድን፥ በመሣሪያ ጥበብ የሚመዝን የስን ያስቀድማል። እኛ ግን ተተኪ በማፍራት መዘንን። በየመሥሪያ ቤታችንም ቢሆን ስሙ በየጋዜጣው የሚጠራው አለቃ አለ፤ እንዲሁም ጸሓፊዎቹን አሠልጥኖ ወደየክፍሉ እየላከ፥ እርሱ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሥራው በብዙ እጅ የሚሠራለት አለ። ሁለቱም መከበር ይገባቸዋል። ኀይል ስላሳደረ ሰው ሲጠየቅ ግን መልሱ የሚገኘው ከሁለተኛው ዘንድ ነው።