ለድኆች ተተክሎ የባለጸጎች ስለ ሆነው የኢተን ትምህርት ቤት ዜና

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1440፣ በእኛ አገር ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዙፋን ሳሉ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ከዊንዘር ግንብ ማዶ በቴምዝ ወንዝ ዳር በእመቤታችን ስም ኮሌጅ ተከለ። ያን ጊዜ ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር፤ ዘውዱን የወረሰው ግን በዘጠኝ ወሩ ነው። ጸሎት የሚወድ፣ ጦርነት የማይሆንለት ሰው ነበርና ለኮሌጁ ብዙ ርስት ሰጠ፤ የጌታ መስቀል ግማድ፣ የእሾህ አክሊሉም ክፋይ ናቸው የተባሉትን ቅርሶች አኖረበት። ሥርዐቱን የወሰደው ጳጳሱ ዊልያም ዊከም በ1382 ከተከለው ከዊንቸስተር ትምህርት ቤት ነው፤ የዚያኑም ትምህርት ቤት መምህር ዊልያም ዌይንፍሊትን አምጥቶ በኢተን ላይ ሾመው። በ1441 ደግሞ ከኢተን የሚወጡት ልጆች የሚቀጥሉበትን ኪንግስ ኮሌጅን በኬምብሪጅ አቆመ። በመጀመሪያ 25፣ ኋላም 70 ድኆች ተማሪዎች ያለ ክፍያ እየበሉና እያደሩ የላቲን ሰዋስው እንዲማሩ አዘዘ፤ በዓመት ከአምስት ማርክ የበለጠ ገቢ ያለው ልጅ ከእነርሱ ጋር እንዳይቈጠር በሕግ አጸና። ማርክ ያን ጊዜ የፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነበር።

ነገር ግን ያው ሕግ የመኳንንትና የኮሌጁ ወዳጆች ልጆች ለምግባቸው እየከፈሉ ከድኆቹ ጋር እንዲማሩ ፈቀደ። የኢተንን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች ድኃው የተገፋው በኋለኞቹ ዘመናት ስግብግብነት ብቻ ነው ይላሉ። እኔ ግን መንገዱን የጠረገው መሥራቹ ራሱ ነው እላለሁ፤ የድኆቹን ቍጥር በ70 ሲወስን፣ በከተማው አድረው ለመማር የሚመጡትን ግን በቍጥር አልገደበምና። የመጀመሪያው መከራ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1461 ኤድዋርድ 4ኛ ሄንሪን ከዙፋኑ አወረደው፤ በ1463 ከሮማው ጳጳስ ከፒዮስ 2ኛ ትእዛዝ አስወጥቶ ኢተንን ለዊንዘሩ ቅዱስ ጊዮርጊስ አስገበረው። የኢተን ንዋየ ቅድሳት ወደዚያ ተጋዘ፤ አለቃው ዌስትበሪ ግን አቤት ማለቱን አልተወም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ንጉሡ ልቡ ራራ። ሆኖም መሥራቹ ያቀደው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ከቅድስቱ ክፍል አላለፈም። በግድግዳው ላይ ግን በዚያው ምእት መጨረሻ የእመቤታችን ተአምራት ተሣሉበት፤ ተአምረ ማርያምን ሲሰማ ያደገ ሰው ቢያየው እንግዳ አይሆንበትም። በ1560 የሃይማኖት ለውጥ ሲመጣ ሥዕሉን በኖራ የለቀለቀው የኮሌጁ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ይህ ሁሉ ዘረፋና ለውጥ የ70ዎቹን ቦታ አላጠፋም፤ ስለዚህ ድኃው የተገፋው በእርሱ ነው ማለት አይቻልም።

ምክንያቱ ያለው በሒሳቡ ውስጥ ነው። የኮሌጁ መሬት በኪራይ ተሰጥቶ ውሉ በታደሰ ቍጥር ተከራዩ ጠቀም ያለ እጅ መንሻ ይከፍል ነበር፤ ይህንንም ገንዘብ አለቃውና ባልደረቦቹ ይካፈሉት ነበር እንጂ ለተማሪዎቹ አያደርሱትም። ድኆቹ ተማሪዎች ሎንግ ቼምበር በሚባለው ረጅም አዳራሽ ማታ ይቈለፍባቸዋል፤ እስኪነጋም ከአይጥ ጋር ያድራሉ። ከፋዮቹ ግን በከተማው ውስጥ በወይዛዝርት በሚተዳደሩ ቤቶች ያርፋሉ። በዚህ ምክንያት በ19ኛው ምእት መጀመሪያ የነጻው ቦታ ፈላጊ አጥቶ 70ው ሳይሞላ ሲቀር፣ ከፋዮቹ በመቶዎች ይቈጠሩ ነበር።

በ1861 መንግሥት ዘጠኝ ትምህርት ቤቶችን የሚመረምር ጉባኤ በሎርድ ክላረንደን ሊቀ መንበርነት አቆመ፤ ዘገባው በ1864 ወጣ፣ ሕጉም በ1868 ተደነገገ። አዳራሹ ከዚያ አስቀድሞ መሻሻል ጀምሮ ነበር፤ የነጻው ቦታም በፈተና የሚገኝ ሆነ። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው «ፈተናውኮ ለሁሉ እኩል በር ከፈተ፤ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ኬይንዝና ደራሲው ኦርዌል የገቡት በእውቀታቸው ነው» ብሎ ይሞግት ይሆናል። መግባታቸው እውነት ነው። ሆኖም ፈተናው በዋነኛነት ላቲንና ግሪክ ነበር፤ ይህንን የሚያስጠና አባት ወይም የግል አዳሪ ትምህርት ቤት የሌለው ልጅ ከየት ያመጣዋል? የኬይንዝ አባት በኬምብሪጅ መምህር ነበር፤ ኦርዌልም ክፍያው ተቀንሶለት ቢሆንም የተዘጋጀው በግል አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ድህነት መስፈርት መሆኑ የቀረው በሌባ እጅ ሳይሆን በቅን አሳቢዎች ማሻሻያ ነው፤ ለእኔ ከዝርፊያው ይልቅ ይህ ይከብዳል።

ሌላው ሙግት «የከፋዮቹ ገንዘብ ባይኖር ቤቱ ራሱ ባልቆመ» የሚል ነው። በ1547 መንግሥት ለነፍስ መታሰቢያ የተተከሉትን ድርጅቶች ሲወርስ ግን ኢተንን ያዳነው የከፋዮች ገንዘብ አይደለም፤ ሕጉ ኢተንን፣ ዊንቸስተርንና የኦክስፎርድና የኬምብሪጅን ኮሌጆች በስማቸው ነጥሎ ስለ ማረ ነው። ርስቱም በእጁ ነበር። የከፋዮቹ ገንዘብ ያመጣው ኃይልን ነው፤ ከዋልፖል እስከ ጆንሰን 20 ጠቅላይ ሚኒስትሮች ከዚህ ወጥተዋል። ከእነዚህም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሁለቱም ሄንሪ ለድኆች በሠራው ቦታ የተማሩ ናቸው፤ ዋልፖል የባለ ርስት የፓርላማ አባል ልጅ ነበር፣ ጆንሰንም አባቱ በብራስልስ የአውሮፓ ኮሚሽን ባለ ሥልጣን ነበር። ዛሬ ተማሪው ወደ 1,300 ይጠጋል፤ የዓመቱ ክፍያ ከ50 ሺህ ፓውንድ አልፏል። 70ዎቹም አሉ፣ በፈተና ይመረጣሉ፣ ጥቁር ካባ ይደርባሉ። የቤተሰብ ገቢ የሚጠየቀው ግን ከ70ዎቹ ለመቈጠር አይደለም፤ የክፍያ ቅናሽ ለሚለምን ሁሉ፣ በዕርዳታው ቢሮ በኩል ነው።