የዓይን ሕክምና፦ ከምኒልክ ሆስፒታል እስከ ጤና ጣቢያ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ለሃያኛ ዓመታችን ከሙያሽ ጋር የተያያዘ አንድ የታሪክ ጽሑፍ አዋጪ» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ስኳር በሽታ መጻፍ ነበር። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝና ውዬ የማድረው ከእሱ ጋር ነው። ብዕር ሳነሳ ግን ትዝ ያለችኝ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሆነች። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ዓይን ነው። የዓይን ሐኪም የሆናችሁ ባቾቼ «በሰው ማሳ ገባች» እንዳትሉኝ፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ትፈርዳላችሁ።

ልጅቷን ያየኋት በ1999 ዓ.ም. ነው። ከጎንደር ከተመረቅን ገና ዓመታችን ነበር፤ እኔም በአንድ የወረዳ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ተመድቤያለሁ። እናቷ «ራሷን ያማታል፤ ትምህርቱም አልገባት አለ» ብለው ይዘዋት መጡ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እንድታነብልኝ ስጠይቃት ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ቀረበች፣ አሁንም ቀረበች፣ አፍንጫዋ ወረቀቱን ሊነካ ሲል አነበበችው። ሩቅ እንደማይታያት ለማወቅ ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም። መነጽር ለማዘዝ ግን የሌንስ ሳጥን አልነበረኝም፤ ቢኖረኝስ መቼ አውቅበታለሁ? ትዝ ይላችኋል፣ የዓይን አታችመንታችን የጥቂት ሳምንታት ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ፤ ሪፈር ጻፍኩላት። የዓይን ሐኪም ያለበት ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነበር።

ከወራት በኋላ እናትየው ሌላ ልጅ አዝለው መጡ። «ትልቋስ? ዓይኗ ታየላት?» አልኳቸው። «አይ እታለም፣ መሳፈሪያውስ ከየት ይመጣል፤ ማደሪያውስ? ትምህርቱንም ትታዋለች፤ አሁን ከብት ትጠብቃለች» አሉኝ። ተቆጥተው አልነበረም፤ እንደ ተራ ወሬ ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ያቺን ወረቀት ስጽፍ ሕክምና የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ለእሳቸው የሰጠኋቸው የማይችሉትን ወጪ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲከተለኝ ኖሯል። የዓይን ሕክምና ከአገሬው ሕዝብ ይህን ያህል ለምን ራቀ? በቀረበበት ጊዜስ በማን እጅ ቀረበ? ታሪኩን መለስ ብዬ ሳየው መልሱ ለእኛ ለጎንደር ልጆች እንግዳ አይደለም።

የዘመናዊ ዓይን ሕክምና ታሪካችን አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከምኒልክ ሆስፒታል ተነስቶ ነው። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ የጀመሩት ሕክምና ለሆስፒታሉ መሠረት ሆነ። ኋላም ሆስፒታሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል መቀመጫ ሆነ። የዓይን ስፔሻሊስቶችን እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም እዚያ ነው። ለውለታው ምስጋና ይግባውና ብዙ ሺህ ሰው ብርሃኑን አግኝቶበታል። ነገር ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ለባላገሩ «ዓይን ሕክምና» ማለት «አዲስ አበባ» ማለት ሆኖ ቆየ። ከጅማም ከጎንደርም እየተመሩ፣ ስንቅ ተሸክመው፣ የሚመራ ልጅ ይዘው ይመጣሉ። ልጁም ከትምህርቱ ይቀራል። ዓይነ ሥውርነት በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሥራ ያስፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መስመር የእኛው ቤት ነው። በደምቢያ ብዙ ሺህ ሰው የፈጀው የወባ ወረርሽኝ አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አገሪቱ ሐኪም እስኪበቃት ትጠብቅ ከተባለ ሕዝቡ ያልቃል። ስለዚህ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ተማሩ፤ አብረውም ወደ ጤና ጣቢያ ወጡ። በቆላ ድባ ጭቃ ውስጥ «ቲም ትሬኒንግ» የወጣን ሁሉ የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጆች ነን። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት ነጩ ጋውን ትኩረቱን ሁሉ ወሰደ። የጤና መኮንኖቹ ሥልጠናም ለዓመታት ተቋርጦ ኋላ እንደገና ተጀመረ። መቋረጡ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፦ እኛ ሐኪሞች ሥራን ለሌላ ባለሙያ ማካፈል ደረጃ መውረድ የሚመስለን ጊዜ አለ።

አሁን እኛ ወደተመረቅንበት ወደ 1998 ዓ.ም. ልምጣ። በዚያ ዓመት አገር አቀፍ የዓይነ ሥውርነት፣ የእይታ መቀነስና የትራኮማ ጥናት ተካሄደ። ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ሥውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የቀነሰ ሆኖ ተገኘ። የዓይነ ሥውርነቱን ግማሽ የሚያህል ያመጣው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ትራኮማ በኮርኒያ ላይ የሚተወው ጠባሳ 11.5 በመቶውን፣ በመነጽር የሚታረም የእይታ ጉድለት ደግሞ 7.8 በመቶውን ይዘዋል። እይታቸው ከቀነሰባቸው መካከል ደግሞ ሲሦ ያህሉ የሚያስፈልጋቸው መነጽር ብቻ ነበር። ከዓይነ ሥውርነቱ 87.4 በመቶው ቀድሞ መከላከል ወይም ማከም የሚቻል ነው ተባለ። እስቲ አስቡት! ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ገደማ የዓይን ሐኪም ብቻ በነበረበት፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ በተቀመጡበት አገር፣ የችግሩ አብዛኛው ክፍል መፍትሔው የታወቀ ነበር። የጎደለው ሕክምናውን ሰው ደጃፍ ድረስ የሚያደርስ እጅ ነው።

ያ እጅ ሊገኝ እንደሚችል ያሳየን ትራኮማ ነው። ትራኮማ ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ በጠባሳ ይሸበሸብና ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይንን ይወጋል። በገጠራችን ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉ እናቶችን ያላየ ማን አለ? ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ በዓይን ሐኪም ብቻ ይሠራ ከተባለ ግን ወረፋው ከዕድሜ ይበልጣል። ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ያሉ ነርሶች ለዚሁ ሥራ በአጭር ጊዜ እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ያን ጊዜ የብዙዎቻችን ስጋት «ነርስ ዓይን ትቅደድ?» የሚል ነበር። በእኛው አገር፣ በእኛው ባለሙያዎች ተሠርቶ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ገሚሱን የዓይን ሐኪሞች፣ ገሚሱን የሠለጠኑት የጤና ባለሙያዎች ቀደዱ። ሽፋሽፍቱ ተመልሶ በመቀልበሱ ረገድ በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴቶችን አስቀመጠ። እነሱም ቤት ለቤት እየሄዱ ዓይናቸው የሚወጋቸውን ሰዎች ለቀዶ ሕክምና ያመጡ ጀመር። በእርዳታ የሚመጣው አዚትሮማይሲንም በዘመቻ ታደለ። ይህ ሁሉ ያለ ችግር አልሄደም። ከሠለጠኑት ነርሶች ብዙዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ ወይም ሌላ ሥራ ተደረበባቸው። የሚቆጣጠርና የሚያግዝ ሲጠፋ የቀዶ ሕክምናው ጥራት ይወድቃል፤ ሽፋሽፍቱም ተመልሶ ይቀለበሳል። ሥራን ማውረድ ማለት ሥራን መወርወር እንዳልሆነ የተማርነው ከዚህ ነው።

የእኔን ልጅ ግን ይህ ዘመቻ አላያትም። ዓይኗ አልቀላም፣ አልወጋትም፣ አላለቀሰም። የእሷ ችግር አንድ ባለሙያ ጨለም ባለ ክፍል አስቀምጦ፣ በሬቲኖስኮፕ ብርሃን ዓይኗን ለክቶ፣ ሌንስ እየቀያየረ «አሁንስ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ማጣት ነበር። ያ ባለሙያ ኦፕቶሜትሪስት ይባላል። በኢትዮጵያ ኦፕቶሜትሪን በዲግሪ ደረጃ መጀመሪያ ያስተማረው ደግሞ የእኛው ጎንደር ነው። ትምህርቱ የተጀመረው እኛ ተመርቀን ስንወጣ አካባቢ ስለሆነ ከመካከላችን ብዙዎቹ መኖሩንም አያውቁም ነበር። እኔ ራሴ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ያወቅሁትም በታካሚዎቼ በኩል ነው። ስኳር ዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሲጀምር አያምም፣ እይታም አይቀንስም። ታካሚው «ዓይኔ ደከመ» ብሎ በሚመጣበት ሰዓት ብዙ ነገር አልፏል። ስለዚህ እያንዳንዱ የስኳር ታካሚ ምንም ሳይሰማው በየጊዜው የዓይኑ ውስጥ መታየት አለበት። በመጀመሪያ ሁሉንም ወደ ዓይን ሐኪም እልክ ነበር። ቀጠሮው ከወር ወር ይገፋል፤ ደህነኛውም ሕመምተኛውም አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፤ ብዙዎቹ ተስፋ ቆርጠው ይቀራሉ። በኋላ እኛው ሆስፒታል አንድ ኦፕቶሜትሪስት ተመደበ፤ ወጣት የጎንደር ልጅ ነው። እሱ የዓይናቸውን ውስጥ አይቶ ደህናውን «ከዓመት በኋላ ተመለሱ» ይላል፤ መነጽር የሚያስፈልገውን ለክቶ ያዝዛል፤ ሬቲናው የተነካበትን፣ ግፊቱ የጨመረውን፣ ሞራ የጋረደውን ለይቶ ይልካል። የዓይን ሐኪሟ ጋ የሚደርሰው በእርግጥ እሷን የሚፈልገው ሰው ሆነ። እኔም ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ስፔሻሊስት የሚቀርበው ስፔሻሊስቱን ብቻ በማብዛት አይደለም፤ ከስፔሻሊስቱ በፊት የሚያይ፣ የሚያክምና የሚያጣራ ሰው ሕዝቡ አጠገብ ሲቀመጥም ጭምር ነው።

ጥቅሙ ለሕመምተኛ ብቻ አይምሰላችሁ። ዕድሜው አርባ ያለፈ ሸማኔ፣ ልብስ ሰፊ፣ የድጓ መምህር ሁሉ አንድ ቀን ክሩና ፊደሉ ይደበዝዝበታል። ብዙዎች «ዓይኔ ጠፋ» ብለው ሥራቸውን ይተዋሉ። ሕንድ አገር በአሳም የሻይ ለቃሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የቅርብ መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች ምርት መነጽር ካላገኙት ይልቅ ወደ 22 በመቶ ገደማ በልጦ እንደጨመረ አሳይቷል። እኛም በዚህ መገናኛ ላይ የፕሮግራሙን ወረቀት እጃችንን ዘርግተን ስናነብ እንተያያለን፤ ልዩነቱ የእኛ መነጽር ኪሳችን ውስጥ መኖሩ ነው።

ታዲያ ዛሬ የት ነን? ኦፕቶሜትሪስቶች ተመርቀዋል፤ በየሆስፒታሉም ገብተዋል። ጤና ጣቢያ ላይ ግን ኦፕቶሜትሪስት ማየት ዛሬም ብርቅ ነው። ብዙዎቹ በከተማ መነጽር ቤቶች ይሠራሉ፤ እንጀራ ነውና አልወቅሳቸውም። ገጠር የወጣውም ቢሆን ለክቶ ያዘዘው መነጽር በአካባቢው ካልተገኘ ትእዛዙ ተመልሶ የእኔ ሪፈር ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያው፣ የሌንስ ሳጥኑና በድሃ አቅም የሚገዛው መነጽር አብረው መውረድ አለባቸው። ከበላያቸውም የሚያግዝና የሚጠይቅ የዓይን ሐኪም ያስፈልጋል። ከትራኮማው ዘመቻ ስህተት የተማርነው ይህንኑ ነው።

በ1947 የተጀመረው የጎንደር ሐሳብ ሳይጨርስ የቀረው ሥራ ይህ ይመስለኛል። ከመካከላችሁ የጤና ቢሮ ኃላፊ የሆናችሁ አላችሁ፤ ሆስፒታል የምትመሩ፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ፣ ውጭ አገር ሆናችሁ «ምን እናድርግ?» እያላችሁ የምትደውሉልኝም አላችሁ። ከመገናኛው በዓል ማግስት አንድ ወረዳ እንምረጥ። አንድ ኦፕቶሜትሪስት፣ አንድ የሌንስ ሳጥን፣ አንድ መነጽር መቁረጫ እናሟላና በትምህርት ቤቶቹ እንጀምር። ሐውልትም ሆነ የስም ሰሌዳ አያስፈልገንም።

ያቺ ልጅ አሁን ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ስሟን ረስቼዋለሁ፤ እንዲያ ዓይኗን አጥብባ ወደ ግድግዳው ስትጠጋ ግን አሁንም ትታየኛለች። ምናልባት የራሷን ልጅ ትምህርት ቤት ልካ ይሆናል፤ ያ ልጅም እንደ እናቱ ሩቅ የማያይ ሊሆን ይችላል። «ትምህርት አልገባው አለ» ብላ ጤና ጣቢያ ስትወስደው ከወንበሩ ማዶ ማን ተቀምጦ እንደሚጠብቃት የምንወስነው እኛ ነን።