ቤል (የቤተሰብ ስም)

ቤል በእንግሊዝና በስኮትላንድ፣ በተለይ በሁለቱ ድንበር አካባቢ፣ የተለመደ የቤተሰብ ስም ነው። ምንጩ አንድ አይደለም። ለአንዳንዱ ቤተሰብ «ደወል» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ ደወል ደዋዩን ወይም ሠሪውን ያመለክት ነበር፤ ለሌላው «ቆንጆ» ከሚለው የድሮ ፈረንሳይኛ ቃል፣ ወይም ኢዛቤል ከሚለው የሴት ስም አጥሮ የወጣ ነው። ስለዚህ ቤል የሚባሉ ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1876 የስልክ ፈጠራ መብት ያገኘው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የኤድንብራ ተወላጅ ነው፤ የድምፅ መለኪያው ዴሲቤልም በእርሱ ስም ተሰይሟል።

በኢትዮጵያ ታሪክ ስሙ የሚነሣው በዓፄ ቴዎድሮስ ባለሟል በእንግሊዛዊው ጆን ቤል ነው። በአገራችን ሰው በአባቱ ስም እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ በሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ስለማይጠራ፣ «ቤል» ቀርቶ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ተባለ። ሊቀ መኳስ በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ ጠላትን የሚያሳስት ባለማዕረግ ነበር። ጆን ቤል ወዳጁን ቆንስል ፕላውደንን ለሞት የዳረገውን ጋረድን ለመውጋት ከንጉሡ ጋር ዘምቶ እ.ኤ.አ. በ1860 በውጊያው ሞተ። ሴት ልጁ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ይኖር የነበረውን ሚስዮናዊ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርን አግብታ፣ በአውሮፓውያን ልማድ በባሏ የቤተሰብ ስም ተጠርታለች።